በሶብላና ጤና አዳም በአፓርታማ ውስጥ፣ በሃምሳ ዶላር

በዋሽንግተን አካባቢ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ወይም አሌክሳንድሪያ የሚኖር ሰው በጋውን ሙሉ በረንዳ ላይ ያሳደገውን በሶብላ በአንድ ሌሊት ሊያጣው ይችላል። ማታ አረንጓዴ የነበረው ቅጠል ጠዋት ጠቁሮ ይገኛል። በሶብላ ውርጭ አይችልም፤ ውርጭ ሳይጥል እንኳ ሌሊቱ ከ10 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በታች ሲወርድ መጎዳት ይጀምራል። ከዚያ እስከ ሜይ ድረስ ለሽሮው፣ ለበርበሬውና ለቅቤው የደረቀውን ከሀበሻ ሱቅ መግዛት ነው። ለቡናው የሚሆን ትኩስ ጤና አዳምማ አንዳንድ ሳምንት ጭራሹን አይገኝም።

ይህ መመሪያ ግቢ ለሌለው፣ ተክል አሳድጎ ለማያውቅና ከሃምሳ ዶላር በላይ ማውጣት ለማይፈልግ ሰው የተጻፈ ነው። በሚኒያፖሊስ፣ በፍራንክፈርት ወይም በስቶክሆልም የሚኖርም ሊጠቀምበት ይችላል፤ የሚለወጠው የገንዘቡ ዓይነትና የብርዱ ርዝመት ነው። አንድ ነገር ከጅምሩ ልናገር፦ ገንዘብዎን በመብራት ላይ ያውጡት። መትከያው፣ ትሪው፣ ክዳኑ፣ ማንጠልጠያው ሁሉ ቤትዎ ውስጥ ተጥሎ ይገኛል። ብርሃን ግን ከጓዳ አይገኝም። ብዙ ጀማሪ የሚያምር የሸክላ መትከያ በሠላሳ ዶላር ገዝቶ መስኮት ሥር ያስቀምጥና ችግኙ ቀጥኖ ሲወድቅ “እጄ አይባረክም” ይላል። እጁ ምንም አልሆነም። ጨለማ ነው የገደለበት።

ምን ይትከሉ?

ለመጀመሪያ ጊዜ ሁለት ተክል ይበቃል። በሶብላ ሙቀትና ብርሃን ይወዳል፣ ቶሎ ይበቅላል፣ ቶሎም አብቦ ያረጃል። ጤና አዳም ዝግ ያለ ነው፤ ድርቀት ይችላል፣ ብርድ ያን ያህል አይፈራም፣ በደንብ ከተያዘ ለዓመታት ይኖራል። አንዱ ፈጥኖ ደስ ሲያሰኝዎ ሌላው ቀስ ብሎ ይደርሳል።

እነሱን እየጠበቁ እጅዎ ሥራ እንዳይፈታ ፌጦ ይዝሩ። ፌጦ ሳህን ላይ በተነጠፈ እርጥብ ሶፍት ሳይቀር ይበቅላል፤ በሁለትና በሦስት ቀን ብቅ ይላል፣ በሳምንት ወይም በአሥር ቀን ቅጠሉ በመቀስ ተቆርጦ ሰላጣ ላይ ይደረጋል። እኛ ዘሩን እንጂ ቅጠሉን መብላት አልለመድንም፤ ቅጠሉ ግን ያንኑ የሚያቃጥል ጣዕም ይዞ ለስላሳ ነው። ለልጆችም ከዚህ የተሻለ ማስተማሪያ የለም።

ኮሰረትና ዳማከሴ የሚፈልግ ሰው ብዙ ነው፣ ሆኖም የሁለቱም ነገር በሰው ላይ የተንጠለጠለ ነው። ሱቅ የሚሸጠው ደረቅ የኮሰረት ቅጠል አይበቅልም፤ ተክሉ ያለው ወዳጅ ፈልገው ቅርንጫፍ ቆርጠው ማምጣት አለብዎት። ካገኙ ከታች ስለ ጤና አዳም ቅርንጫፍ የምለውን ይከተሉ። የስጋ መጥበሻ በዘር አይልፉ፤ ለመብቀልም ለማደግም እጅግ ይዘገያል። ሱፐርማርኬት ውስጥ በመትከያ የሚሸጠውን ገዝተው ቀዝቀዝ ባለና ብርሃን በሚያገኝ መስኮት ላይ ያኑሩት። ቃሪያን ግን ለበጋ ይተዉት። ቅጠል ማሳደግና ፍሬ ማፍራት የሚጠይቁት ብርሃን በጣም ይለያያል፤ በዚህ በጀት በሚገዛ መብራት ቃሪያ ቢተክሉ ቅጠል እንጂ ቃሪያ አይበሉም።

መብራቱ

አዲስ አበባ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 9 ዲግሪ ገደማ ላይ ስለሆነች ዓመቱን ሙሉ ቀኑ 12 ሰዓት አካባቢ ነው፤ በረጅሙና በአጭሩ ቀን መካከል ያለው ልዩነት አንድ ሰዓት ያህል ብቻ ነው። ዋሽንግተን 39 ዲግሪ ገደማ ላይ ናት። ዲሴምበር ማብቂያ ላይ ቀኑ ወደ 9 ሰዓት ተኩል ይወርዳል፤ ስቶክሆልም ውስጥ 6 ሰዓት ያህል ብቻ ነው። ፀሐዩም ዝቅ ብሎ በሰያፍ ስለሚመጣ ጉልበት የለውም። የእርስዎ መስኮት ወደ ደቡብ የሚያይ ከሆነ ዕድለኛ ነዎት፤ ጤና አዳሙን እዚያ ማኖር ይችላሉ። ወደ ሰሜን የሚያይ ወይም ከፊቱ ሌላ ሕንፃ የቆመበት ከሆነ መስኮቱን ይርሱት።

የሚገዙት ባለ 4 ጫማ ኤልኢዲ መብራት ነው፤ ጋራዥ ውስጥ የሚሰቀለው፣ የሃርድዌር መደብሮች ሾፕ ላይት የሚሉት። ከ20 እስከ 25 ዶላር ይገኛል። ካርቶኑ ላይ ሦስት ቁጥር ይፈልጉ። ዋቱ 40 አካባቢ፣ ሉመኑ ከ4000 በላይ፣ የብርሃኑ ቀለም ደግሞ ከ4000 እስከ 6500 ኬልቪን መካከል ይሁን፤ 5000 ቢሆን ጥሩ ነው። ሳሎን ውስጥ የሚወደደው ቢጫ ያለ 2700 ኬልቪን ለዚህ ሥራ አይመረጥም።

በድረ ገጽ ስለሚሸጡት ሐምራዊ መብራቶች ማንም ሳይጠይቀኝ አስተያየቴን ልስጥ፦ አይግዙ። ተክል ቀይና ሰማያዊ ብርሃን በብዛት እንደሚጠቀም እውነት ነው፤ ነጭ ብርሃን ግን ሁለቱንም ይዟል፣ አረንጓዴውንም ቢሆን ተክሉ አይጥለውም። በሐምራዊ ብርሃን ሥር የታመመ ቅጠል ከጤነኛው አይለይም፤ ተባይም አይታይም። በዚያ ላይ የሚጻፈው ዋት ብዙ ጊዜ ማታለያ ነው። በትልቁ “1000 ዋት” ተብሎ በትንሹ ደግሞ በእርግጥ የሚበላው ኤሌክትሪክ 100 ዋት መሆኑ ይገለጻል። የሚቆጠረው ከሶኬቱ የሚወስደው ነው። “እኩያ” የሚል ቃል ያለበትን ቁጥር ሁሉ እንደሌለ ይቁጠሩት።

መብራቱን የት ይሰቅሉታል? የተከራየ ቤት ጣሪያ መብሳት ስለማይፈቀድ ሁለት ወንበር ጀርባ ለጀርባ ራቅ አድርገው ያቁሙና የመጥረጊያ እንጨት አጋድመው መብራቱን ከእንጨቱ ላይ በገመድ ያንጠልጥሉ። የመጻሕፍት መደርደሪያ ካለዎት የላይኛው ጠርዝ ሥር ማሰር ይቻላል። ዋናው ነገር መብራቱ ከፍና ዝቅ ማለት መቻሉ ነው። ገመዱን ቋጥረው አይጨርሱት፤ በየሳምንቱ ይፈቱታል።

ርቀቱ ነው ብዙ ሰው የሚስተው። መብራት ለዓይናችን ክፍሉን ሁሉ ያደመቀ ይመስለናል። ለተክሉ ግን በራቀ ቁጥር በፍጥነት ይደክማል። ችግኝ ሲሆን የመብራቱ ሥር ከጫፉ በላይ 10 ሴንቲ ሜትር፣ ካደገ በኋላ ከ15 እስከ 20 ሴንቲ ሜትር ቢሆን በቂ ነው። ኤልኢዲ ብዙ ስለማይግል አይፍሩ፤ እጅዎን በተክሉ ጫፍ ከፍታ ላይ ለግማሽ ደቂቃ ዘርግተው ሙቀቱ ካልረበሸዎ ተክሉንም አይረብሸውም። ከሁሉ የሚሻለው መለኪያ ራሱ ተክሉ ነው። ግንዱ ከቀጠነና በቅጠል ጥንዶቹ መካከል ያለው ርቀት ከረዘመ መብራቱ ርቋል፤ ዝቅ ያድርጉት። ቅጠሉ ከላይ ነጣ ብሎ ወደ ውስጥ ከተጠቀለለ ቀርቧል።

ታይመር በ8 ወይም በ10 ዶላር ይግዙ። በእጅ አበራለሁ አጠፋለሁ ያለ ሰው በሁለተኛው ሳምንት ይረሳል። በእኛ ሰዓት ከጠዋቱ 12 እስከ ምሽቱ 3 ያድርጉት፤ 15 ሰዓት ብርሃን፣ 9 ሰዓት ጨለማ። ሌሊቱንም ማብራት ተክሉን አይጠቅመውም።

ስለ ኤሌክትሪክ ሒሳብ የሚጨነቅ ካለ፣ ስሌቱ ቀላል ነው። 40 ዋት በ15 ሰዓት ሲባዛ በቀን 600 ዋት ሰዓት ነው፤ በ30 ቀን 18 ኪሎዋት ሰዓት ይሆናል። የሚከፍሉት በኪሎዋት ሰዓት 18 ሳንቲም ቢሆን በወር 3 ዶላር ከ24 ሳንቲም ነው። የራስዎን ዋጋ ከሒሳብ ወረቀትዎ ላይ አይተው ያባዙት፤ ጀርመን ውስጥ ይበልጣል።

አንድ ጥንቃቄ፦ ሶኬቱ ከተክሉ ደረጃ በታች መሬት ላይ አይሁን። ውኃ ሲፈስ የሚወርደው ወደዚያ ነው። ሽቦው ሶኬቱ ጋ ከመድረሱ በፊት ወደ ታች ታጥፎ ይውጣ፤ ጠብታ ቢንሸራተት እጥፋቱ ላይ ይንጠባጠባል እንጂ ሶኬት ውስጥ አይገባም።

ዘሩን ከየት?

የበሶብላ ዘር ምናልባት አሁን ጓዳዎ ውስጥ አለ። ከሀበሻ ሱቅ ያልተፈጨ ደረቅ የበሶብላ ራስ ገዝተው ከሆነ በመዳፍዎ መካከል ይፈትጉት፤ ገለባውን እፍ ሲሉት ጥቃቅን ጥቁር ፍሬዎች ይቀራሉ። እውነተኛ መሆኑን ለማወቅ ጥቂት ፍሬ ማንኪያ ላይ አድርገው ውኃ ያንጠባጥቡበት። በደቂቃዎች ውስጥ ግራጫ ዝልግልግ ሽፋን ካበጀ የበሶብላ ዘር ነው።

ዘር መሆኑ ግን ይበቅላል ማለት አይደለም። ለምግብ ተብሎ የሚገባ ቅመም አንዳንዴ ተሕዋስያንን ለመግደል በእንፋሎት ወይም በጨረር ይታከማል፤ እንዲህ ያለው አይበቅልም። ስለዚህ አፈር ከመግዛትዎ በፊት ይፈትኑት። ሶፍት አርጥበው 20 ፍሬ ይበትኑበት፣ አጥፈው ፕላስቲክ ከረጢት ውስጥ ይክተቱና ፍሪጅ አናት ላይ ያስቀምጡ። በአሥር ቀን ውስጥ ከግማሽ በላይ ካጎነቆለ ጥሩ ዘር ነው። አምስት ብቻ ከሆነ አብዝተው ይዝሩ። ምንም ካልታየ ከሌላ ሱቅ ይግዙ። ጣልያኖች ለፓስታ የሚጠቀሙበት ባዚል ከበሶብላ ጋር በሳይንስ አንድ ዝርያ ነው፤ ሽታው ግን የእኛን አይተካም፤ ቅቤ ሲያነጥሩበት ልዩነቱ ይታወቃል።

ከአገር ቤት ይዤ እመጣለሁ የሚል ካለ ሕጉን ይወቅ። ወደ አሜሪካ አፈር የያዘ ተክል ማስገባት ክልክል ነው፤ ለሚተከል ዘርም የዕፅዋት ጤና ምስክር ወረቀት ወይም ከአሜሪካ ግብርና ሚኒስቴር አስቀድሞ የወጣ የጥቂት ዘር ፈቃድ ያስፈልጋል። በአውሮፓ ኅብረት አገሮችም ከዲሴምበር 14 ቀን 2019 ጀምሮ ከኅብረቱ ውጭ የሚገባ የሚተከል ዘር ምስክር ወረቀት ይጠየቅበታል። እማማ በሻንጣ ውስጥ በጋዜጣ ጠቅልለው የሰጡዎትን ተክል ጉምሩክ ላይ ደብቆ ማለፍ ለአንድ ጉንጭ ቡና የሚያዋጣ አይደለም።

ጤና አዳምን በተመለከተ የተሻለው መንገድ ቅርንጫፍ ነው። ሀበሻ ሱቅ ትኩሱ በእስር ሲመጣ አዲስ የሆነውን መርጠው ይግዙ። የአሜሪካ የችግኝ መሸጫዎች “ሩ” በሚል ስም የሚሸጡት ብዙውን ጊዜ የቅርብ ዘመዱ ነው፤ የእኛው የአበባው ቅጠል ዳር ዳሩ የተተለተለ በመሆኑ ይለያል። እስራኤል ያሉ አንባቢዎች እዚህ ላይ ይስቁብናል፤ የእኛው ዓይነት ጤና አዳም እዚያ ተራራ ላይ በራሱ የሚበቅል ነው፣ መብራትም አያስፈልገው።

መትከያና አፈር

የእርጎ ባልዲ፣ የቡና ቆርቆሮ፣ አንገቱ የተቆረጠ የወተት ጋሎን፣ ሁሉም ይሆናል። ሥሩን በጋለ ምስማር አራት አምስት ቦታ ይብሱት። ቀዳዳ የሌለው ዕቃ ምንም ቢያምር አይጠቀሙበት፤ ውኃ ከሥር ይቆምና ሥሩ ይበሰብሳል። ለመዝሪያ ትንሽ ኩባያ፣ ላደገ አንድ በሶብላ ከ3 እስከ 4 ሊትር የሚይዝ፣ ለጤና አዳም ትንሽ ተለቅ ያለ ይበቃል። አንድ ባለ 4 ጫማ መብራት ሥር ትልልቅ መትከያ ከአምስት በላይ አይደርድሩ።

አፈሩን ከሜዳ ቆፍረው አያምጡ። ሜዳ ላይ ለምለም የነበረ አፈር ባልዲ ውስጥ ሲገባ ይጠጥራል፤ የነፍሳት እንቁላልም ይዞ ይገባል። ከረጢቱ ላይ ፖቲንግ ሚክስ የሚል ይግዙ፤ ትንሹ ከረጢት በ10 ዶላር አካባቢ ነው። ጋርደን ሶይል የሚለው ለውጭ ስለሆነ ይለፉት። ትርፍ አምስት ዶላር ካለዎት ነጩን ፐርላይት ይግዙ። ለበሶብላ አራት እጅ አፈር በአንድ እጅ ፐርላይት፣ ለጤና አዳም ሁለት እጅ በአንድ እጅ አድርገው ይቀላቅሉ። አቧራው ሳንባ ስለሚያስቸግር ውኃ ረጭ አድርገው ያማስሉት።

የቡና አተላን አፈር ላይ መድፋት ማዳበሪያ ነው ብሎ የሚመክርዎ ዘመድ አይጠፋም። ውጭ፣ ብስባሽ ክምር ውስጥ ገብቶ ከሰነበተ መልካም ነው። ቤት ውስጥ ትኩሱን ባልዲ ላይ ከደፉት ሻጋታ ያወጣል፣ ጥቃቅን ዝንብ ይጠራል። ለቡናው ያለኝ አክብሮት እንደተጠበቀ ሆኖ አተላውን ይጣሉት።

መዝራትና መትከል

አፈሩን አስቀድመው አርጥበው ኩባያ ይሙሉ። ጨምቀውት አንድ ሁለት ጠብታ የሚወጣው ያህል እንጂ ጭቃ አይሁን። በየኩባያው ከአምስት እስከ ስድስት የበሶብላ ፍሬ ላዩ ላይ ይበትኑ፤ በጣት ጫን ያድርጉት፤ ቢያለብሱትም አፈሩ እጅግ ስስ ይሁን። በጥልቀት የተቀበረ በሶብላ ይቀራል። ኩባያውን በላስቲክ ሸፍነው ከ20 እስከ 25 ዲግሪ ሙቀት ባለበት ያቆዩት። ከአምስት እስከ አሥር ቀን ውስጥ ይበቅላል። የመጀመሪያው አረንጓዴ እንደታየ በዚያው ቀን ላስቲኩን አንስተው መብራት ሥር ያስገቡት። አንድ ቀን ቢዘገዩ ግንዱ ይረዝማል፤ ያ ቀን ኋላ አይካካስም።

ሁለተኛው የቅጠል ጥንድ ሲወጣ ጠንካራውን አንዱን ያስቀሩና ሌሎቹን በመቀስ ከሥራቸው ይቁረጡ። ብዙ ሰው እዚህ ላይ አንጀቱ አይችልም፤ ነቅሎ ሌላ ቦታ ላዛውር ይላል። ሲነቀል የሚቀረው ችግኝ ሥር ይቆረጣል። ጨክነው ይቁረጡት፤ የተቆረጠውም ይበላል።

የጤና አዳሙን ቅርንጫፍ 10 ሴንቲ ሜትር ያህል አድርገው ከቅጠሉ መውጫ በታች ይቁረጡ። የታችኛውን ግማሽ ቅጠል ያራግፉ፣ አበባ ወይም ፍሬ ካለው ይቁረጡለት። አራት አምስቱን በአንድ ዕቃ ዳር ዳር እርጥብ አፈር ውስጥ ይሰኩና በላስቲክ ከረጢት ይሸፍኑ። ብርሃኑ ለስላሳ ይሁን፤ መብራቱ መሐል ሳይሆን ጫፍ ላይ ያስቀምጡት። በየሁለት ቀኑ ከረጢቱን ገልጠው አየር ያስገቡ። ከሦስት እስከ አምስት ሳምንት ውስጥ ቀስ አድርገው ሲስቡት እምቢ ካለ ሥር ይዟል። ከአምስቱ ሁለት ቢይዝልዎ ሥራው ተሳክቷል ማለት ነው።

ውኃ

ቤት ውስጥ ያለ ተክል በጥማት ሳይሆን በፍቅር ነው የሚሞተው። ጠዋት አንድ ኩባያ፣ ማታ አንድ ኩባያ የሚያጠጣ ሰው ሥሩን አየር ይነሣዋል። በቀን መቁጠሪያ አያጠጡ። ጣትዎን እስከ መጀመሪያው አንጓ ይክተቱ፤ ላዩ ከ2 እስከ 3 ሴንቲ ሜትር ደርቆ ከሆነ ከሥር እስኪንጠባጠብ ያጠጡ፤ ከግማሽ ሰዓት በኋላ ትሪው ላይ የቀረውን ይድፉት። ካልደረቀ ይተዉት፣ ነገ ይመለሱ። ከሁሉ የሚሻለው ዕቃውን አንሥቶ መመዘን ነው። ካጠጡ በኋላ ያለውን ክብደት እጅዎ ሲለምድ ጣትም አያስፈልግዎ።

በሶብላ ሲጠማ ቅጠሉን ጥሎ ይነግርዎታል፤ ካጠጡት በሰዓታት ውስጥ ይነሣል። አፈሩ እርጥብ ሆኖ ሳለ ቅጠሉ ከወደቀ ግን ነገሩ ተቃራኒ ነው፤ ውኃ ጨምረው አይግደሉት። ጤና አዳም ከዚህም በላይ መድረቅ ይፈልጋል፤ አፈሩ እስከ መሐሉ ይድረቅለት።

ችግኝ ሳለ ግንዱ ከአፈሩ ጋር በሚገናኝበት ላይ ቀጥኖ ድንገት የሚወድቅበት በሽታ አለ። ሻጋታ ነው፤ የወደቀው አይድንም። መከላከያው ላዩ እንዲደርቅ ማድረግና አየር ማንቀሳቀስ ነው። ትንሽ ፋን ካለዎት በዝቅተኛ ፍጥነት ቅጠሉ በመጠኑ እስኪነቃነቅ ያህል ያብሩለት፤ ግንዱም በዚያ ይጠነክራል። የቤቱ ማሞቂያ የሚነፋበት ቀዳዳ ፊት ለፊት ግን አያስቀምጡ።

ማዳበሪያና መቁረጥ

የመጀመሪያዎቹን ሦስትና አራት ሳምንታት አፈሩ ራሱ ይመግባል። ከዚያ በኋላ ማንኛውም ፈሳሽ የአትክልት ማዳበሪያ መመሪያው ከሚለው ግማሹን በውኃ በጥብጠው በየሁለት ሳምንቱ ይስጡ። መጠኑን ማብዛት ትልልቅ፣ ውኃማ ቅጠል ያመጣል፤ እኛ የምንፈልገው ሽታውን ነው። ለጤና አዳም በወር አንዴ ከበቂ በላይ ነው።

በሶብላው ሦስት ጥንድ ቅጠል ሲያወጣ ከሁለተኛው ጥንድ በላይ ይቁረጡት። ከየቅጠሉ ሥር አዲስ ቅርንጫፍ ይወጣና አንዱ ሁለት ይሆናል። ይህን አንድ ጊዜ ይድገሙት። ከዚህ በኋላ የእኛ መንገድ ከፈረንጆቹ ይለያል። የእነሱ መመሪያ አበባ በታየ ቁጥር ቁረጡ ይላል፤ እነሱ የሚፈልጉት ቅጠሉን ነውና። ለበርበሬና ለሽሮ ግን ዋናው ራሱ፣ አበባና ፍሬ የያዘው ዘለላ ነው። ስለዚህ ከሁለተኛው ቆረጣ በኋላ ይተዉት፣ ያብብ። ቤት ውስጥ ንብና ነፋስ ስለሌለ ሲያብብ በቀን አንዴ ግንዱን በጣትዎ ነቅነቅ ያድርጉት፤ ዘር እንዲይዝ ይረዳዋል። ቅጠሉንም ራሱንም የሚፈልግ ሰው ሁለት ተክል ይያዝና አንዱን ለቅጠል፣ አንዱን ለራስ ያድርግ።

ጤና አዳም ላይ መጠንቀቅ

የጤና አዳም ፈሳሽ ቆዳ ላይ ቀርቶ ፀሐይ ሲመታው ውኃ የሚቋጥር ቃጠሎ ሊያመጣ ይችላል። ሲቆርጡ ጓንት ያድርጉ፤ ከነካዎት በሳሙና ይታጠቡ። ልጆችና የቤት እንስሳት ከማይደርሱበት ያኑሩት። ቡና ላይ የሚጣለው አንድ ቀንበጥ ሌላ ነገር ነው፤ አብዝቶ አፍልቶ መጠጣት ግን ይጎዳል። ማሕፀን የማነሣሣት ባሕርይ ስላለው ነፍሰ ጡር ሴት ጭራሽ ብትተወው ይሻላል። እናቶቻችን ለሕፃን ሆድ ቁርጠት ይሰጡት ነበር ተብሎ ለጨቅላ መስጠትም አይገባም።

ተባይ

ክሽክሽ ብዙ ጊዜ የሚመጣው ከሱቅ ከተገዛ ተክል ጋር ነው። ስለዚህ አዲስ ተክል ሁለት ሳምንት ሌላ ክፍል ይቆይ። ከታየ በአንድ ሊትር ውኃ አንድ የሻይ ማንኪያ ፈሳሽ ሳሙና በጥብጠው የቅጠሉን ሥር ይርጩ፤ መብራቱን እስኪደርቅ ያጥፉ፤ በየአራት አምስት ቀኑ ይድገሙት። ከመብላትዎ በፊት በንጹሕ ውኃ ማጠብ እንዳይረሳ። ከአፈሩ ላይ የሚነሡት ጥቃቅን ጥቁር ዝንቦች ደግሞ ውኃ ማብዛትዎን ነው የሚናገሩት፤ አፈሩ ሲደርቅ ይጠፋሉ። ቀጭን ድር ካዩ በደረቅ ቤት የሚራባ ተባይ ገብቷል ማለት ነው፤ ተክሉን መታጠቢያ ቤት ወስደው ከቅጠሉ ሥር በኩል በውኃ በደንብ ይጠቡት።

መሰብሰብና ወደ ውጭ ማውጣት

የበሶብላው ራስ ከታች ቡናማ መሆን ሲጀምር ከነግንዱ ይቁረጡ፣ አሥር አሥሩን አስረው በወረቀት ከረጢት ውስጥ ዘቅዝቀው ይስቀሉት። የሚረግፈው ዘር ከረጢቱ ይይዝልዎታል። በአንድ ወይም በሁለት ሳምንት ይደርቃል። ፀሐይ ወይም ኦቨን ውስጥ አያስገቡት፤ ሽታው ይበናል። ሳይፈጩ በጠርሙስ ያስቀምጡና በሚፈልጉበት ቀን የሚፈልጉትን ያህል ብቻ ይፍጩ።

ከአንድ መብራት ሥር የዓመት በርበሬ የሚያጣፍጥ በሶብላ አይገኝም፤ ያን ተስፋ አልሰጥዎትም። ለየቀኑ ሽሮና ለአንድ ሁለት ጊዜ ቅቤ ማንጠሪያ ግን ይበቃል፤ ለእሑድ ቡናም ጤና አዳም አያጡም። የበረንዳ ዕድል ያለዎት ከሆነ ግን ትልቁ ትርፍ ይህ ነው፦ ማርች አጋማሽ ላይ መብራት ሥር የዘሩት በሶብላ ሜይ አጋማሽ ላይ ጎልምሶ ይጠብቅዎታል። ሌሊቱ ከ10 ዲግሪ በታች መውረዱን ሲያቆም ያውጡት፤ በመጀመሪያው ቀን ለአንድ ሰዓት በጥላ፣ ከዚያ በየቀኑ እየጨመሩ በሳምንት ውስጥ ፀሐይ ያላምዱት። ሳያላምዱ ያወጡት ቅጠል በአንድ ከሰዓት በኋላ ነጥቶ ይቃጠላል።

ራሱን ሁሉ ከመፍጨትዎ በፊት ሁለት ሦስቱን በወረቀት ፖስታ አድርገው ዓመቱን ጽፈው ያስቀሩ። ደረቅና ቀዝቃዛ ቦታ የተቀመጠ የበሶብላ ዘር ለዓመታት መብቀል ይችላል፤ በሚመጣው ዓመት ሱቅ የሚሸጠው ዘር ይበቅል ይሆን እያሉ ሶፍት ማርጠብ አይኖርብዎትም።